የመንገደኛ ድምፅ

ጋዜጠኝነት ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን ያለ ሥራ ቤት ተቀምጫለሁ። በዚያ ጊዜ ካዛንቺስ ባለው ግቢያችን ውስጥ በየቀኑ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር። «መቼ ነው በቴሌቪዥን የምናይሽ?» ይሉኛል። በክፋት አልነበረም። ሕክምና የተማረ ሐኪም ቤት፣ መምህርነት የተማረ ትምህርት ቤት እንደሚገኝ ሁሉ፣ ጋዜጠኝነት የተማረችም ቴሌቪዥን ውስጥ መገኘት አለባት ብለው ነው። እኔም «እየሞከርኩ ነው» እልና ከቧንቧው ሥር ባልዲዬን አንስቼ ቤት እገባለሁ።

ሙከራዬ ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም። ጠዋት ወጥቼ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ከሚኮለኮሉት ጋር ቆሜ አነባለሁ። ለእኔ የሚሆነው ሁሉ «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ» ይላል። ቢሆንም ደብተሬ ላይ እገለብጠዋለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ አይጠሩኝም። ማታ አባቴ ምንም አይጠይቀኝም። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ምናምን ዓመት የሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ጋዋን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ግን በትልቁ አሳጥቦ፣ ፍሬም አስገብቶ፣ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። በፎቶው ሥር ባለፍኩ ቁጥር የሰው ዕቃ ተውሼ ያልመለስኩ ይመስለኝ ነበር።

ትምህርቱን እኔ አልመረጥኩትም፤ ውጤት አይተው መደቡኝ። መጻፍ ስለምወድ አልከፋኝም ነበር። የከፋኝ ዘግይቶ ነው፣ ጋዜጠኛ ከመጻፉ በፊት ሰው ማስቆምና መጠየቅ እንዳለበት ሲገባኝ። እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማፍር ሰው ነኝ። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ ከሰፈሬ ርቄ ወርጄ፣ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አስተማሪዎቼ ወረቀቴን እያዩ ጥሩ ውጤት ሰጡኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

በመጨረሻ አንድ ዕድል መጣ። ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሬዲዮ ዝግጅት የሚሠራ አዘጋጅ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ብዙ ነበሩ። ከሬዲዮ ጣቢያ በሳምንት ጥቂት የአየር ሰዓት ይገዛሉ፣ ማስታወቂያ ያፈላልጋሉ፣ በመሃሉ ቃለ ምልልስና ጨዋታ ያስገባሉ። ሰውየው ሁለት ወር ለሙከራ ወሰደኝ። አብራኝ የገባች ሌላ ልጅ ነበረች፤ ደረጃውን ስትወጣ ጀምሮ ከጥበቃው ጋር የምትቀልድ፣ ስልክ ስትደውል ሰው የማታፍር። ሁለታችንን አስቀምጦ እንዲህ አለን፤ «ያለኝ ቦታ አንድ ነው። ሁለት ወር እንተያይ። በቃ፣ ከዚያ አንዳችሁን እቀጥራለሁ።»

«እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» አልኩት።

«እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ ቢሮ የለም» አለኝ እየሳቀ። «እንዲህ እያልሽ መንገደኛ ልትጠይቂ ነው? እጅ ነስተሽ ሳትጨርሺ ታክሲው ይሄድብሻል።»

የመጀመሪያውን ወር ጽሑፍ ሰጠኝ፤ ተወጣሁት። በሁለተኛው ወር አጋማሽ ላይ ግን ፊት ለፊቴ ትንሿን መቅረጫ ቴፕ አስቀመጠና «ነገ ሜክሲኮ ሂጂና የሕዝብ አስተያየት ይዘሽ ነይ» አለኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር። ሠራተኛው ምሳውን የት ይበላል? አሥር ሰው ቢያንስ። «ይሄ ነው እንግዲህ የሚለያችሁ» አለ፣ ወደዚያችኛዋ ልጅ ወንበር እያየ። እሷ የራሷን ከሁለት ቀን በፊት አስገብታ ነበር፤ አሥራ አራት ሰው።

በማግስቱ ሜክሲኮ አደባባይ ጋ ቴፑን በፌስታል ይዤ ቆምኩ። ሰው እንደ ጎርፍ ያልፋል። ሻይ ቤቶቹ እየሞሉ ነው፣ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ፣ ሁሉም ቸኩሏል። እያንዳንዱን ሰው ከሩቅ እያየሁ «ይሄኛው ይናደዳል፣ ይቺ ትቸኩላለች» እያልኩ ሳሳልፍ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። በመጨረሻ ቦርሳ የያዙ አንድ ሽማግሌ ደህና ፊት ያላቸው መሰለኝና ጠጋ አልኩ።

«ይቅርታ ጋሼ…»

«ሎተሪ አልገዛም የኔ ልጅ» አሉና እጃቸውን አወዛውዘው አለፉ።

ትንፋሼን ሰብስቤ ሁለት የቢሮ ሠራተኛ የሚመስሉ ሴቶችን ተከተልኩ። «እህቶቼ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ማለቴ…» አንደኛዋ ዞር ብላ ፌስታሌን አየችና «እኛ ኦርቶዶክስ ነን» አለችኝ። ጓደኛዋ እየሳቀች ጎተተቻት። ፌስታሉ ውስጥ የያዝኩት የስብከት ወረቀት መስሏት ነው። ላስረዳት አልተከተልኳትም። የካዛንቺስ ታክሲ ሲመጣ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ከሥራ ቀደም ብላ የገባችው እናቴ ፊቴን አይታ ነገሩን አወጣጣችኝ። እናቴ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ናት፤ ያልተናገረ ልጅ ምን እንዳመመው ማወቅ ሥራዋ ነው። ስነግራት ተገረመች። «ታዲያ እኛ ሰው አይደለንም እንዴ? እኛስ ምሳ አንበላም? እኛን ጠይቂን!»

እውነቴን ነው የምለው፣ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ግን ከእኔ በላይ ያሰበበት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሰው ከሥራ ሲመለስ ይቀረጻል። የግቢው በር ዋናው መንገድ ላይ ነው፤ በሩ ጋ ካቆምኳቸው የታክሲው ጩኸት ከኋላ ይገባል። ማን ያውቃል ካዛንቺስ ይሁን ሜክሲኮ? እንዲያውም ረዳቶቹ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያሉ ይጣራሉ። አንድ በአንድ በሩ ጋ እያቆምኩ ቀረጽኳቸው።

መጀመሪያ እናቴ ቆመች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። «በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ…»

«እማዬ! መንገደኛ ነሽ እኮ!»

«መንገደኛ አያመሰግንም?»

አባቴ ደግሞ ስሙ ይጠቀስ እንደሆነ ሁለት ጊዜ ከጠየቀኝ በኋላ «ምሳን በተመለከተ፣ እንደየሰዉ ሁኔታ የሚለያይ ነው» ብሎ ጨረሰ። ሌሎቹም ከዚያ ብዙ አልራቁም። ሰው ሁሉ ቴፑን ሲያይ የዜና አንባቢ ሆነ። ዘጠኝ ሰው ቀርጬ አንድም የሚደመጥ ነገር አልነበረኝም።

አሥረኛዋ እቴቴ ናት። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት። ቤቷ ከእኛ ቤት ቀጥሎ ነው። እናቴ ሥራ ስትውል በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመጣ ምሳ የምታበላኝ እሷ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ እዚያው ካዛንቺስ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ አንሶላ እያጠበች ሁለት ልጆቿን ታሳድጋለች። ድምፅዋ ወፍራምና ሻካራ ነው፤ ግቢው በር ላይ ስታስል ከጓዳ ሆነን እናውቃታለን። ያን ዕለት ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ ያዝኳት።

«ምን ልበል?»

«ምሳሽን የት እንደምትበዪ ብቻ። ስምሽ አይጠራም።»

«ስሜማ ቢጠራ ምን ይሆናል፤ ባለ ዕዳ አይደለሁ» አለችና ምሳ ዕቃዋን በሌላ እጇ ይዛ ጀመረች። «ሆቴል የሚሠራ ሰው ሆቴል የሚበላ ይመስላችኋል? እኔ ምሳዬን ደረጃ ሥር፣ ከቆሸሸው አንሶላ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የምበላው። ከእንግዳ የተረፈው ሥጋ ለቤቱ ባለቤት ውሻ ይሄዳል። አንድ ቀን ውሻውን ጠራሁትና ‹ወንድሜ፣ እስቲ አንድ ቀን እንቀያየር› ብዬ ሽሮዬን አቀረብኩለት። አሸተተኝ፣ ሽሮዬን አሸተተ፣ ከዚያ አዝኖልኝ ሄደ።»

በሩ ጋ የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ቴፑ በእጄ ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። እሷ ግን ሳቋን ስትጨርስ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

«ይቺን የውሻዋን እንዳታስገቢያት፣ እሺ ሆዴ? ቀልዴን ነው። ደረጃ ሥር የሚለው ራሱ ይቅር። ‹ከቤት ይዤ እሄዳለሁ› አለች በይ፣ በቃ።»

«እሺ እቴቴ። አጠፋዋለሁ።»

ይህን ስል ውሸቴን አልነበረም። ቤት ገብቼ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠንኩትና አዳመጥኩት። ዘጠኝ ደረቅ ድምፅ፣ ከዚያ እሷ። አንዴ ሰማሁት። ደግሜ ሰማሁት። ማጥፋት ቀላል ነበር፤ በላዩ ላይ ዝም ብሎ መቅረጽ ነው። «ነገ ለአዘጋጁ ‹ይቺኛዋን እለፋት› እለዋለሁ» ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ቴፑን ዘጋሁት። ያን ጊዜ ይህ ሐሳብ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ውሳኔው ከእጄ እንዲወጣ ፈልጌ ነው።

አዘጋጁ በማግስቱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። እናቴን ሰማ፣ አባቴን ሰማ፤ ፊቱ አልተንቀሳቀሰም። የዚያችኛዋን ልጅ አሥራ አራት ሰው እያሰብኩ፣ አልቆልኛል አልኩ። ከዚያ ድንገት ሳቀ። ወደ ኋላ አጠንጥኖ ደግሞ ሳቀ። ማዳመጫውን አወለቀ።

«ይቺን ሴትዮ የት አገኘሻት?»

አሁን ነበር መናገር። «ሴትየዋ እንዳይገባ ብላኛለች» ማለት። አምስት ቃል አይሞላም። ግን ይህን ካልኩ የሚቀጥለው ጥያቄ ይታየኝ ነበር። መቼ አለችሽ? ታውቂያታለሽ? ከዚያ የእናቴ ምስጋና፣ የአባቴ «እንደየሰዉ ሁኔታ»፣ የግቢያችን በር፣ ሁሉም ይከተላል።

«ሜክሲኮ» አልኩ። «ታክሲ እየጠበቀች።»

«ስሟንስ?»

«መናገር አልፈለገችም።»

«አሪፍ! ስም ባይኖር ይሻላል። እሷን እናስቀድማታለን» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «እኔ እኮ አትችልም ብዬ ነበር። ሰው ማናገር ትችያለሽ ለካ!»

በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። መዋሸት አልፈልግም፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝግጅቱ ሲተላለፍ ግቢው በሙሉ ቧንቧው አጠገብ ሬዲዮ ከቦ ተቀመጠ። እኔ አልነገርኳቸውም፤ እናቴ ናት የጠራቻቸው። አቅራቢው «ሜክሲኮ አካባቢ ያገኘናቸው መንገደኞች» ሲል ሁሉም እየተጠቃቀሰ ሳቀ። ከዚያ የእቴቴ ድምፅ ወጣ። ደረጃ ሥሩ፣ አንሶላው፣ ሥጋው፣ ውሻው፣ አንድም ሳይቀነስ። ጩኸቱና ሳቁ የሬዲዮውን ድምፅ ዋጠው። እቴቴም ስትስቅ ነበር። ከሁሉም በፊት ሳቋን ያቆመችው ግን እሷ ናት። በእጇ አፏን ሸፍና አየችኝ።

«ይሄንንም አስገባሽው?»

«አለቃዬ ነው» አልኩ። «እኔ ነግሬው ነበር፤ እምቢ አለ።»

«እንዴ» አለች። ጥቂት አሰበች። «ይሁን እንግዲህ። ቅዳሜ ከሰዓት ማን ሬዲዮ ይሰማል ብለሽ ነው?» እኔን ልታጽናና ነው ይህን ያለችው። ሬዲዮውን የከበበው ሕዝብ አጠገቧ ቆሞ።

ሰኞ ጠዋት አዘጋጁ ቢሮው አስጠራኝ። ከሰዎች ብዙ ስልክ እንደመጣለት፣ ሁሉም ስለ ውሻው እንደሚያወራ ነገረኝ። ቦታው የእኔ ነው፤ ዓርብ ጠዋት መጥቼ ውሉን እፈርማለሁ። ያችኛዋ ልጅ በር ላይ አግኝታኝ «እንኳን ደስ አለሽ» ብላ አቀፈችኝ። ከኦሎምፒያ እስከ ካዛንቺስ በእግሬ ነው የመጣሁት። ታክሲ ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም፤ እግሬ መሄድ ፈልጎ ነበር። ለአባቴ እንዴት እንደምነግረው እየተለማመድኩ ግቢ ስገባ አምስት ሰዓት አልሞላም። እቴቴ ቧንቧው ጋ የልጆቿን ልብስ ታጥባለች። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት።

«ዛሬ አልገባሽም?»

«እረፍት ሰጡኝ። አንድ ሳምንት» አለች ቀና ሳትል። «ከስንት ዓመት በኋላ ወይዘሮ ሆኜ ልቀመጥ።»

ማታ እናቴ ከሥራ ስትገባ ከጎረቤት የሰማችውን በሹክሹክታ ነገረችኝ። የፔንሲዮኑ ባለቤት ዝግጅቱን ሰምተዋል፤ ጠዋት ገና ሽርጧን ሳታጠልቅ «እስክጠራሽ ቤትሽ ሂጂ» ብለዋታል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እቴቴ አልነበረም፤ ስለ ልጆቿም አልነበረም። መጀመሪያ የጠየቅሁት «የእኔን ስም ተናግራለች?» ብዬ ነው። እናቴ «አልተናገረችም» ስትል ሰውነቴ ላላ። ከዚያ በኋላ ነው ማፈር የጀመርኩት።

ማክሰኞና ረቡዕ ከቤት አልወጣሁም ማለት ይቻላል። በመስኮት አያታለሁ። ያለወትሮዋ በር ላይ ወንበር አውጥታ ትቀመጣለች። ሰው ሲያልፍ ትቀልዳለች። አንድ ጊዜ መስኮቱን አሻግራ አየችኝና «ጋዜጠኛዋ! ዛሬ ማንን ቀዳሽ?» ብላ ጮኸች፤ እኔም እጄን አወዛውዤ መጋረጃውን ለቀቅሁት። አጠገቧ ሄጄ «እኔ ነኝ፤ ለአለቃዬ ምንም አልነገርኩትም» ማለት ስንት እርምጃ ነበር? ሃያም አይሞላ። ያን ሃያ እርምጃ ከመሄድ ይልቅ ሌላ ነገር አሰብኩ። ሰው የማላውቅበት ቦታ ሄጄ ብናገር ይሻላል አልኩ። ቀጥታ የፔንሲዮኑ ባለቤት ዘንድ ሄጄ ጥፋቱን ብወስድ እቴቴ ትመለሳለች። ዓርብም ንጹሕ ሆኜ እፈርማለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያስፈራኝ ነገር ይኼው ነበር፤ የማላውቀው ሰው ፊት ቆሞ መናገር። በዚያ ቀን ግን አልፈራሁም ማለት እችላለሁ። የፔንሲዮኑ ባለቤት ከእንግዳ መቀበያው መስታወት ኋላ መነጽር አድርገው ደረሰኝ ይደረድራሉ። ሃምሳ ዓመት የሚያልፋቸው፣ ድካም የሚታይባቸው ሴት ናቸው። ውሻው እግራቸው ሥር ተኝቷል፤ ትንሽ ነጭ ውሻ ነው።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሬዲዮ የተላለፈውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። እሷ አታስገቢው ብላኝ ነበር፤ ቀልዷን ነው። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። እባክዎን እሷን አያባርሯት።»

ሁሉንም ሳልንተባተብ ተናገርኩ። ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሷ ናት ማለት ነው እንግዲህ።»

አልገባኝም ነበር። «ማለቴ… አዎ፣ ግን…»

«ማርያምን እኔ አይደለሁም ብላ ምላልኝ ነበር እኮ። እዚህ፣ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ። የሰው ድምፅ ይመሳሰላል፣ ሜክሲኮ ምን ልሠራ እሄዳለሁ አለችኝ። እውነት ነው፣ ሬዲዮውም ሜክሲኮ ነው ያለው። እኔም ልጆቿን አሰብኩ። ሰባት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ንዴቴ ሲበርድ፣ ሰኞ ትግባ ብዬ ለአለቃዋ ነግሬያት ነበር።»

ዓይኔን ውሻው ላይ ተከልኩ።

«እሺ አንቺ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ጋዜጠኛ ነሽ አይደል? እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም? እንግዳ የነካውን፣ አፉን ያስገባበትን ሥጋ ለሠራተኞቼ ልስጥ? ይሄ ነው የሚያስከብረው? ደረጃ ሥር ማነው ተቀመጪ ያላት? ጓሮ ጠረጴዛ አለ፤ እዚህ ይሞቃል ብላ ነው። አንድ ቀን መጥተሽ ብትጠይቂኝ አሳይሽ ነበር።»

 አራት ዓመት የተማርኩት ነገር ነበር፤ ሌላውን ወገን መጠየቅ። በፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። «ሂጂ በቃ የኔ ልጅ» አሉኝና ደረሰኛቸውን መደርደር ቀጠሉ።

ከሰዓት በኋላ የእቴቴ አለቃ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ኃላፊ፣ ግቢያችን መጥታ በር ላይ ቆማ አነጋግራት ሄደች። ብዙም አልቆየችም። እሷ እንደወጣች እቴቴ ስሜን ጠራች። «ሆዴ» አላለችኝም፤ «ጋዜጠኛ» አላለችኝም። ሄድኩ፤ በሯ ላይ ቆምኩ።

«ማነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ታዲያ?»

«ጥፋቴን ልናገር ብዬ ነው። አለቃዬ እምቢ አለ ያልኩሽም ውሸት ነው። ምንም አልነገርኩትም ነበር።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ቅዳሜ ዕለት ፊትሽን አይቼ አውቄያለሁ። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ያበላሁሽን ልጅ ፊት አላውቅም? ተይው አልኩ። ልጅቷ ሥራ ይዛ ነው፣ ትያዝ አልኩ። እኔ የራሴን በራሴ እወጣለሁ ብዬ፣ በእመቤቴ ስም በሐሰት ምዬ፣ ንስሐ እገባለሁ ብዬ፣ ሰኞ ልገባ ነበር። ሰኞ!»

«አላወቅሁም እቴቴ…»

«ብትጠይቂኝ አታውቂም ነበር? በሬ እዚሁ አይደለም? ያኔም አታስገቢ አልኩሽ፣ አስገባሽ። አሁን ደግሞ ምንም ሳልልሽ ሄድሽ።» ቆም ብላ ፊቴን አየች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ለመሆኑ አንቺን ቀለለሽ?»

በሩን አልዘጋችብኝም። ወደ ውስጥ ገብታ የልጆቿን ልብስ ማጠፍ ቀጠለች። መቆሙም መሄዱም አቅቶኝ ቆይቼ በመጨረሻ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ እቴቴ ቂርቆስ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞረች ልብስ ታጥብ ጀመር። ሥራው ከበፊቱ ይከብዳል፤ በክረምት እጇ ይሰነጣጠቅ ነበር። ሰላምታ አልከለከለችኝም። ግን በፊቴ መቀለድ ተወች። እኔ ቧንቧው ጋ ስደርስ ወሬዋን በአጭሩ ትጨርሳለች። ቀስ በቀስ ሌሎቹም እንደሷ ሆኑ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። በቃ፣ በእኔ ፊት መጠንቀቅ ጀመሩ፤ እኔ በሰው ሁሉ ፊት እንደምጠነቀቀው።

በዚያ ሐሙስ ምሽት ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም። እናቴ የእቴቴን ድምፅ በግድግዳው ሰምታ ነበርና በር እንደዘጋሁ ያዘችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አታስገቢ ማለቷን፣ ካሴቱን፣ አዘጋጁን፣ ፔንሲዮኑን፣ ሰኞን። እየሰማች ጉልበቷን ትመታ ነበር። «ወይኔ፣ ወይኔ ያቺ ምስኪን» አለች። አለቀሰች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሥራሽን ግን አልነካውም አይደል?»

ልቆጣት ፈለግሁ። እንዴት እንዲህ ትያለሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ሰኞ ዕለት እኔም እዚያው ቦታ ቆሜ ከእሷ ጥያቄ የተሻለ አልጠየቅሁም ነበር። እሷ ቢያንስ አልቅሳ ነው የጠየቀችው።

«አልነካውም» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ኦሎምፒያ ሄጄ ፈረምኩ።